«በመስተዋት ላይ የተቀባ ጌጥ»፤ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የቅርስ አያያዝ መምሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ በውስጡ የሚገኙትን የሙያ ቃላት እንድመለከት ረቂቁ ቀርቦልኝ ነበር። በረቂቁ ከሰፈሩት ስያሜዎች አንዱ «በመስተዋት ላይ የተቀባ፣ የአፈ ታሪክ ሥዕል ያለበት፣ ጥንታዊ የኒዮክላሲክ ጌጥ» የሚል ነው። ሐረጉ ከመርዘሙ በቀር ሰዋስዉ የቀና፣ ቃላቱም የታወቁ ስለ ነበሩ ያለ ተቃውሞ አሳለፍሁት። ረቂቁን ያዘጋጁት ባለሙያ ግን ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው መጡና፣ «ዶክተር፣ ይህ ጌጥ ሲቆሽሽ በውሃ ይጠረጋል ወይስ አይጠረግም? በሚቀጥለው ገጽ ያለው ትእዛዝ እንደ አሠራሩ ይለያያል፤ ስያሜያችን ግን የትኛው አሠራር እንደ ሆነ አይነግረኝም» ሲሉ ጠየቁኝ። ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። ስያሜው ዕቃውን ለሚያደንቅ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ዕቃውን በእጁ ለሚይዝ ሰው ግን የሚያሳስት ነበር።

የሚከተለው ሐተታ ያንን ጥያቄ ለመመለስ ስፈልግ ያገኘሁት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ በ79 ዓመት ከተቀበሩት የኢጣልያ ከተሞች ሄርኩላኔም በ1738፣ ፖምፔ ደግሞ በ1748 መቈፈር ጀመሩ። ጀርመናዊው ዮሐን ዮአኪም ቪንክልማን የጥንቱን ዘመን የሥነ ጥበብ ታሪክ በ1764 አሳተመ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች የባለጸጋ ልጆች ትምህርታቸውን ለመፈጸም ወደ ሮማ መጓዝ ልማዳቸው ነበርና፣ ሲመለሱ በሻንጣቸው ከሚይዟቸው ነገሮች ዋነኞቹ የግሪክና የሮማ ቀራጮች የአማልክትን መልክ የቀረጹባቸው ትንንሽ ዕንቍዎች ነበሩ። ሐውልት ለመሸከም ያስቸግራል፤ የጣት ጥፍር የሚያህል ዕንቍ ግን ቀለበት ላይ ይሰካል። የጌጥ ፈሊጥ በዚህ ምክንያት ተለወጠ፤ የአበባና የጥብጣብ ቅርጽ ቀርቶ በወይዛዝርት ደረትና ክንድ ላይ ኤሮስ፣ ሄቤ፣ አውሮራና ሦስቱ ጸጋዎች መታየት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ከስያሜያችን የመጀመሪያው ቃል ይሰናከላል። ያን ጊዜ «አንቲክ» ሲባል የግሪክና የሮማ ሥራ ብቻ ማለት ነበር። ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ግን መቶ ዓመት ያለፈውን ዕቃ ሁሉ ይጨምራል። በ1785 የተሠራ ቀለበት በመጀመሪያው ትርጉም አንቲክ አይደለም፤ አንቲክን የሚመስል ነው። በሁለተኛው ትርጉም ግን ያለ ጥርጥር አንቲክ ነው። አማርኛው «ጥንታዊ» ሁለቱን በአንድ ስልቻ ከከተታቸው፣ አንባቢው ሁለት ሺህ ዓመት የሆነውን ዕንቍና ሁለት መቶ ዓመት የሆነውን ቅጂውን የሚለይበት መንገድ ያጣል። ስለዚህ «ጥንታዊ» ለግሪክና ለሮማ ዘመን ሥራ ተለይቶ እንዲቀመጥ፣ ለነጋዴው አንቲክ «የቀድሞ ዘመን» እንዲባል አሳስባለሁ። «ኒዮክላሲክ» የሚለውስ ቢሆን የዘመኑ ሰዎች የማያውቁት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተለመደ ስም ነው፤ ፈረንሳዮች በጊዜው ይሉት የነበረው «የግሪክ ፈሊጥ» ነው። እንደ ሌሎቹ የኪነ ጥበብ ዘመናት ስሞች ሁሉ እንዳለ ቢወሰድ ጉዳት አላይበትም።

ወደ ዕንቍዎቹ እንመለስ። በጥንቱ ዘመን ለዚህ ሥራ ከተመረጡት ድንጋዮች አንዱ ሰርዶንክስ ነው፤ ስሙን በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ከተቈጠሩት ዕንቍዎች መካከል የምናውቀው ነው። ሰርዶንክስ እንደ ሽንኩርት ንብርብር አለው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ። ቀራጩ የላይኛውን ነጭ ንብርብር ምስል አድርጎ ሲቀርጸው የታችኛው ጠቆር ያለው ለመደብ ይቀራል። ይህን ጎልቶ የወጣ ቅርጽ ኢጣልያኖች ካሜኦ ይሉታል፤ የቃሉ ሥር የሊቃውንት መከራከሪያ ነው። ምስሉ ወደ ውስጥ ሲጐደጐድ ደግሞ ኢንታሊዮ ይሉታል፤ ይህስ ከመቍረጥ የወጣ ግልጽ ቃል ነው። ወደ ውስጥ የተቀረጸው ለማኅተም የሚያገለግል ስለ ሆነ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የማኅተም ቀለበት ያለው ሰው ኢንታሊዮ አለው ማለት ነው። ግእዝ ለዕንቍና ለድንጋይ ቀረጻ «ገለፈ»፣ ለተቀረጸውም «ግልፎ» የሚል ቃል አለው። ግልፎ ለሁለቱ የወል ስም ሆኖ፣ ካሜኦ «ጉልህ ግልፎ»፣ ኢንታሊዮ «የማኅተም ግልፎ» ቢባሉ ሥራውን የሚነግሩ ስሞች ይሆናሉ።

በዘመኑ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ግልፎ በእንግሊዝ የማርልበራ መስፍን ንብረት የነበረው የኤሮስና የፕሲኬ ሠርግ ነው። ዛሬ የሚገኘው በአሜሪካ በቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነው። ኤሮስና ፕሲኬ በስስ መሸፈኛ የተከናነቡ ሕፃናት መስለው ወደ ሠርጋቸው ሲመሩ ያሳያል። ፕሲኬ በግሪክኛ ነፍስ ማለት ነው፤ ግሪኮች ቢራቢሮንም በዚሁ ስም ይጠሯታል። በዚህም ምክንያት በ18ኛው መቶ ዓመት ጌጥ ላይ የምትታይ ቢራቢሮ ብዙ ጊዜ የነፍስ ምልክት ናት። ካርድ ጻፊው «ሴትና ቢራቢሮ» ብሎ ቢያልፍ አልዋሸም፤ ነገር ግን ጌጡን ያሠራው ሰው ሊናገር የፈለገውን አላነበበም።

እንዲህ ያለውን ዕንቍ መግዛት የሚችለው መስፍን ነው፤ የሚፈልገው ግን ብዙ ሰው ነበር። ይህን ክፍተት ከሞሉት መካከል ቀዳሚው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ታሲ ነው። ታሲ በ1735 በግላስጎው አጠገብ ተወለደ፤ ሥራውንም የጀመረው በድንጋይ ጠራቢነት ነው። በ1763 ወደ ደብሊን ሄዶ ከሐኪሙ ከሄንሪ ክዊን ጋር ተዋወቀ፤ ክዊን በትርፍ ጊዜው የተቀረጹ ዕንቍዎችን በብርጭቆ መቅዳት ይሞክር ነበር። ሁለቱ ተባብረው ለዚህ ሥራ የሚስማማ ብርጭቆ አዋሐዱ። ታሲ በ1766 ለንደን ገብቶ ሱቅ ከፈተ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1799 ድረስ ቅመሙን በምስጢር ጠብቋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከዋናው ዕንቍ ላይ በሰም ወይም በድኝ ቅጂ ይወሰዳል፤ ከቅጂው እሳት የሚችል ቅርጽ ማውጫ ይዘጋጃል፤ በእሳት የለዘበ ብርጭቆ በቅርጽ ማውጫው ላይ ተጭኖ የምስሉን መልክ ይይዛል። (ቅርጽ ማውጫ የምለው ሆን ብዬ ነው። በረቂቁ ላይ በዚህ ቦታ «ሻጋታ» የሚል ቃል አግኝቻለሁ፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ የደረሰ ስሕተት ነው። በአማርኛ ሻጋታ እንጀራ ላይ የሚወጣው ነው።) በዚህ መንገድ የአንድ ንጉሥ ዕንቍ የመቶ ሰው ቀለበት ይሆናል። የሩስያ ንግሥት ዳግማዊት ካተሪን የታሲን ቅጂዎች በሙሉ አዝዛ ከነማስቀመጫ ሣጥኖቻቸው ወደ ፒተርስበርግ አስመጣች። በ1791 የወጣው የሱቁ ዝርዝር 15,800 ያህል ግልፎዎችን ይቈጥራል። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሩዶልፍ ኤሪክ ራስፔ ነው፤ ዓለምን ያሳቀውን የባሮን ሙንካውዘንን የውሸት ጀብዱ የጻፈው እርሱ ነው። ራስፔ ወደ እንግሊዝ የመጣው በጀርመን አገር በኃላፊነት ከያዘው የገዢ ስብስብ ዕቃ ሰርቆ በመሸሹ መሆኑን ሳስብ፣ በዘመኑ ትልቁን የዕንቍ መዝገብ እርሱ ማዘጋጀቱ ይገርመኛል፤ መዝገቡ ግን ጥሩ ነው።

የታሲን ሥራ እንግሊዞች «ፔስት» ይሉታል። ቃሉ በመሠረቱ የኢጣልያንኛው ፓስታ ሲሆን ሊጥ ማለት ነው፤ ብርጭቆው እንደ ሊጥ ለዝቦ ስለሚቀረጽ የተሰጠው ስም ነው። የረቂቁ አዘጋጅ በመዝገበ ቃላት ተመርተው «የማጣበቂያ ጌጥ» ብለውት ነበር። ስሕተቱን ስንመለከት አጠገባችን የነበረ አንድ ወጣት «ታዲያ የፓስታ ጌጥ ይባል?» ብሎ አስቆን ነበር። ሁለቱም አማርኛዎች ግን ያመለጣቸው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ብርጭቆ መሆኑ። የስም ትርጉም እንጂ የሥራ ትርጉም ካልተፈለገ እንዲህ ያለ ውጤት ይገኛል። እኔ «የብርጭቆ ግልፎ» እለዋለሁ።

የአልማዝ ምትክ ለሆነው ብርጭቆ በፓሪስ ስሙን ያወጣው ዦርዥ ፍሬዴሪክ ስትራስ ነው (1701–1773)። እርሳስ የተጨመረበት ብርጭቆ እንደ አልማዝ ተቈርጦ፣ ከበስተኋላው ቀጭን የብረት ቅጠል ተነጥፎለት፣ ጀርባው በተዘጋ ማቀፊያ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ሥዕልም ግልፎም የለውም፤ «የብርጭቆ ፈርጥ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅዉድ ሥራ ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ቢሆንም ለማስጠንቀቂያ ላንሣው። ዌጅዉድ በ1770ዎቹ አጋማሽ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የአማልክት ምስል የሚለጠፍበት ሸክላ አወጣ፤ የኤሮስንና የፕሲኬን ሠርግም እንደ ታሲ ሁሉ ቀድቶታል። ለሸክላው የሰጠው ስም ጃስፐር ነው፤ ይኸውም በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢያስጲድ የሚባለው ዕንቍ ነው። ተርጓሚው ስሙን ተከትሎ «ኢያስጲድ» ቢል ሸክላውን ዕንቍ አደረገው ማለት ነው።

እስካሁን ያየናቸው ቀለም ያልተቀባባቸው ናቸው። ሥዕል ወዳለባቸው ስንመጣ ነገሩ ይረቃል።

በመጀመሪያ፣ ሥዕሉ በመስተዋት ጀርባ የሚሣልበት አሠራር አለ። ሠዓሊው ቀለሙን የሚያኖረው በገላጣ መስተዋት በአንድ ገጽ ሲሆን፣ ተመልካቹ የሚያየው ከሌላው ገጽ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የተገለበጠ ነው፤ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ በእንጨት ላይ ለሚሥል ሰው የመጨረሻ የሆነው እዚህ የመጀመሪያ ይሆናል። የዓይን ብርሃን ከዓይን በፊት፣ ጌጥ ከልብስ በፊት፣ ልብስ ከሰማይ በፊት ይሣላል። ተሳስቶ የቀባ ሰው በላዩ ደርቦ ሊያርም አይችልም፤ የደረበው ከስሕተቱ ኋላ ይቀራልና። አንዳንድ ጊዜ በመስተዋቱ ጀርባ የወርቅ ቅጠል ተለጥፎ በመርፌ ጫፍ ምስሉ ይጫርና ከኋላው ጥቁር ወይም ሌላ ቀለም ይቀባል፤ ኤሮስ በወርቅ፣ መደቡ በጥቁር ይታያል። የኢጣልያው ሠዓሊ ቼኒኒ በ1400 ገደማ በጻፈው የሥዕል መምሪያ ይህንኑ አሠራር ያስተምራል። ወርቅን በሁለት ብርጭቆ መካከል ማስቀመጥ ደግሞ ከዚያም አንድ ሺህ ዓመት ቀድሞ በሮማ ክርስቲያኖች መቃብር የተገኘ ጥበብ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የዓለም ቤተ መዘክሮች ሥራውን የሚጠሩት «ኤግሎሚዜ» በሚል ስም ነው። ስሙ የመጣው በ1786 ከሞተው ከፓሪሱ የሥዕል ማቀፊያ ሠሪ ከዣን ባፕቲስት ግሎሚ ነው። ግሎሚ የሚያደርገው በማቀፊያው መስተዋት ዙሪያ የወርቅና የቀለም ጠርዝ መሥራት ነበር፤ አሠራሩን አልፈለሰፈም። ከስሙ ግሥ ወጣ፤ ግሡም እርሱ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ለተሠሩ ዕቃዎች ጭምር መጠሪያ ሆነ። አንድ ፓሪሳዊ ደምበኞቹ ስለ ወደዱት ብቻ የሮማን መቃብር ብርጭቆ በስሙ እንጥራ ማለት አግባብ አይመስለኝም። «የመስተዋት ጀርባ ሥዕል» ቢባል የቼኒኒን፣ የግሎሚንም፣ የስም የለሹን ጌጥ ሠሪም ሥራ ያለ አድልዎ ይገልጻል።

ሁለተኛው ኢናሜል ነው። ይህን ቃል አማርኛ በቀለም ቆርቆሮ ላይ ያውቀዋል፤ ያ ግን የዘይት ቀለም እንጂ ኢናሜል አይደለም። እውነተኛውን ኢናሜል ለማየት ወደ ማድ ቤት መግባት ይሻላል። ነጩ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው የብረት ሳህን ሲወድቅ እንደ ቅርፊት የሚፈነጠረውና ጥቁሩን ብረት የሚያሳየው ነጭ ነገር በብረቱ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። የጌጡም ሥራ ያው ነው፤ ብረቱ መዳብ ወይም ወርቅ ከመሆኑ በቀር። የቃሉ ሥርም በጀርመን ቋንቋዎች መቅለጥ ማለት ነው። የፈረንሳዩ አንጥረኛ ዣን ቱተን (1578–1644) በ1630 ገደማ፣ በነጭ ኢናሜል መደብ ላይ በብርጭቆ ቀለሞች ሥዕል ሥሎ በእሳት የማጽናትን ዘዴ አስፋፋ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ጄኔቫ የዚህ ሥራ ዋና ከተማ ሆነች። የጄኔቫ ሠራተኞች የሰዓት ክዳን፣ የአምባርና የደረት ጌጥ ላይ ቬኑስን ከነርግቦቿ ይሥሉ ነበር። ቀለሙ አንድ ጊዜ ብቻ አይተኰስም፤ ብዙ እሳት የሚችለው ቀድሞ፣ የማይችለው ኋላ እየሆነ ተደጋግሞ ወደ ምድጃ ይገባል፤ በመጨረሻም ብርሃን የሚያሳልፍ ብርጭቆ ይለብሳል። ስስ ብረቱ በእሳት እንዳይጣመም ጀርባውም ኢናሜል ይደረግበታል። ጌጡን ገልብጦ ማየት የሚችል ሰው በዚህ ይለየዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው። በ1780ዎቹና በ1790ዎቹ በእንግሊዝ የሐዘን ጌጥ ይሠራ ነበር፤ ነጭ ልብስ የለበሰች፣ የግሪክ ሴት የምትመስል ሐዘንተኛ፣ እንስራ የሚመስል የመቃብር ማሰሮ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት የተንጠለጠሉ ዛፍ። ሥዕሉ የሚሣለው በዝሆን ጥርስ ላይ በውሃ ቀለም ነው፤ አንዳንዱም የሟቹን ጠጉር ፈጭቶ ከቀለሙ ጋር ያዋህዳል። በላዩ መስተዋት ይከደንበታል። በመስኮት ውስጥ ለሚያይ ሰው ሥዕሉ መስተዋቱ ላይ ያለ ይመስላል፤ ነጋዴውም «የተቀባ መስተዋት» ብሎ ይሸጠዋል። በእውነቱ ግን መስተዋቱ ክዳን ብቻ ነው። ስሙም «መስተዋት የተከደነ ሥዕል» ሊሆን ይገባል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የረቂቁን ሐረግ አሳጥሮ «የመስተዋት ሥዕል» ማለት የማይቻልበት ምክንያት አለ። ይህ ስም ባለቤት አለው፤ አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ያየ ሰው የመስተዋት ሥዕል ሲባል ትዝ የሚለው ብርሃን በውስጡ አልፎ የሚያበራው የመስኮት ሥዕል ነው። ጌጡ ግን ብርሃን አያሳልፍም።

ፍለጋዬ እዚህ ሲደርስ እንደ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ አማርኛን መክሰስ ጀምሬ ነበር። እንግሊዝኛ ለቁሱ አንድ ስም አለው፤ እኛ ግን ብርጭቆም መስተዋትም እንላለን፤ ሁለቱም የዕቃ ስም ናቸው፤ አንዱ መጠጫ፣ ሌላው መልክ ማያ። ግእዝ «ማህው» የሚል የቁስ ስም አለው፤ አማርኛ ግን አልወረሰውም። ግእዝ መልክ ማያን «መጽሔት» ይለዋል፤ ያን ወርሰን ለኅትመት ሰጠነው። «ቢረሌ» የተባለውን የግሪክኛ የዕንቍ ስም ደግሞ ጠጅ ቀዳንበት፤ ጀርመኖችም ያንኑ ቃል ለመነጽር አውለውት «ብሪለ» ይላሉና እኛ ብቻ አይደለንም። ስለዚህ ማህውን ከመቃብር እናውጣው የሚል ሐሳብ ይዤ ነበር።

ነገር ግን ካርዶቹን በጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ነገሩ ሌላ ሆነ። ሕዝቡ ብርጭቆ የሚለው ቀልጦ ቅርጽ የያዘውን ነው፤ መስተዋት የሚለው ዝርግ ሆኖ የሚታይበትን ወይም በውስጡ የሚታይበትን ነው። የጌጦቹም ልዩነት በዚሁ መስመር ይሄዳል። የታሲ ግልፎና የስትራስ ፈርጥ፣ ኢናሜሉም ጭምር፣ እሳት ያቀለጠው ብርጭቆ ናቸው። የግሎሚና የሐዘን ጌጡ ግን ዝርግ መስተዋት ናቸው፤ ቀለማቸውም እሳት አላየውም። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የደባለቀውን አማርኛ በሁለት ቃል ለይቶት ኖሯል። ድህነት ብዬ የቈጠርሁት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገን ዕቃ ነበር።

ለባለሙያዋ ጥያቄም መልሱ ከዚሁ ይገኛል። በመስተዋት ጀርባ ያለው ቀለም በሙጫ ወይም በዘይት ተይዞ የተቀመጠ እንጂ የተተኰሰ አይደለም፤ ውሃ ሲገባው ይላጣል፤ የተላጠው አይመለስም። የዝሆን ጥርሱ ሥዕል የውሃ ቀለም ስለ ሆነ ከክዳኑ ሥር የገባ አንድ ጠብታ ይበቃዋል። ኢናሜሉና የብርጭቆው ግልፎ ግን ስንጥቅ ከሌላቸው በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ቢጠረጉ አይጐዱም። ከእነዚህ የብርጭቆው ፈርጥ ብቻ ይለያል፤ ብርጭቆው ራሱ ውሃ ባይፈራም ከኋላው ያለው ቅጠል ይጠቁራል፤ ስለዚህ የተዘጋ ጀርባ ያለው ጌጥ ከቶ አይነከርም። በመጀመሪያው ስያሜ የተመራ ሰው ግን «መስተዋት ነው» ብሎ መስኮት እንደሚጠርግ ይጠርገዋል።

ስለ «አፈ ታሪክ» ጥቂት ልጨምር። ቃሉ በእኛ ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ፣ ታሪክ ሊሆን የሚችል ነገርን ያመለክታል፤ የአገሩ ሽማግሌ ስለ አያቶቹ የሚናገረው አፈ ታሪክ ነው። የኤሮስና የፕሲኬ ነገር እንዲህ አይደለም። «ተረተ አማልክት» ይሻላል። የአማልክቱን ስም አጻጻፍ በተመለከተ ደግሞ ከባዶ የምንጀምር አይደለንም። የኢዛና የግሪክኛ ጽሑፍ የንጉሡን አምላክ አሬስ ሲለው የግእዙ ማሕረም ይለዋል፤ ስለዚህ የግሪክን አምላክ ከሌላ አምላክ ጋር ማዛመድ በአክሱም የታወቀ ነበር። በሐዋርያት ሥራ አርጤምስን እናገኛለን፤ ዜውስን ግን የምናገኘው «ድያ» ተብሎ ነው፤ ይህም በግሪክኛ ተሳቢ ሲሆን የሚይዘው መልክ ነው። «ሄርሜን» በሚለውም ላይ መጨረሻው «ን» የግሪክኛው ተሳቢ ይሁን የአማርኛው፣ ወይም ሁለቱ በአንድ ፊደል ተገናኝተው እንደ ሆነ ተማሪዎቼን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ለጌጦቹ ግን ድያ ብንል የሚገባው ጥቂት ነው፤ ዜውስ እና ሄርሜስ ይበቃሉ፤ አርጤምስ ግን በለመድናት ስሟ ትቆይ። የ18ኛው መቶ ዓመት ዝርዝሮች የሮማውያኑን ስሞች ማለትም ዩፒተርን፣ ቬኑስንና ኩፒድን ስለሚመርጡ፣ ካርድ ጻፊው በጌጡ ላይ ወይም በዋናው ዝርዝር የተጻፈውን ስም ይከተል፤ በግሪክኛው ግን ማመልከቻ ይጨምር።

ባለሙያዋ የታረሙትን ካርዶች ተቀብለው አንዱን ብቻ መልሰውልኛል። ኢናሜልን «የብርጭቆ ልብጥ» ብዬው ነበር፤ ታቦቱ በወርቅ ተለበጠ እንደሚባለው መሆኑ ነው። እርሳቸው ግን በገበያ «ልብጥ» ማለት ወርቅ ያልሆነ፣ ወርቅ መሳይ ማለት ነው፤ የጄኔቫን ሥራ ይህን ብለን ብንጽፈው አንባቢው ሐሰተኛ ነው ብሎ ያልፈዋል አሉኝ። ትክክል ናቸው። «የተተኰሰ የብርጭቆ ሥዕል» የሚለውን በምትኩ አቅርቤአለሁ፤ ሥዕል ለሌለበት ኢናሜል ግን አያገለግልም። የአንጥረኞችን ቃል የሚያውቅ አንባቢ ካለ በዚህ አንድ ካርድ ላይ ቢረዳን ደስ ይለናል።